ጣና ዳር ኪስ የማይጎዳ ቀጠሮ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባለቤቴ ጋር የተዋወቅነው ባሕር ዳር ነው። ሁለታችንም ተማሪዎች ነበርን። በሁለት ዓመት ውስጥ ካፌ የገባንበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። ሐይቅ ዳር ወክ እናደርጋለን፣ ቤዛዊት እንወጣለን፣ ቅዳሜ ገበያ እንዞራለን። ያኔ እንደዚያ የምናደርገው ብር ስላልነበረን ነው። ዛሬ ደሞዝተኞች ሆነንም የምንሄደው እዚያው ነው።

አሁን አሁን ታናናሾቼ «ባሕር ዳር ውስጥ ብር ከሌለህ ዴት አይታሰብም» ሲሉ እሰማለሁ። ይታሰባል። ግን ነጻ ቀጠሮ ከሚከፈልበት ይልቅ ማሰብ ይፈልጋል። ሆቴል ከተቀጣጠራችሁ ጥላውም፣ ወንበሩም፣ መጸዳጃ ቤቱም ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ሐይቅ ዳር ከሆነ ግን ሰዓቱንም፣ ጥላውንም፣ መመለሻውንም የምታስቡት እናንተ ናችሁ። እኔም ጓደኞቼም የተሳሳትነው እዚህ እዚህ ላይ ነው።

በቀትር መቀጣጠር

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም። በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀትር ላይ በእግር መሄድ ቅጣት ነው። በ7 ሰዓት ሐይቅ ዳር የተገናኙ ጥንዶች አስር ደቂቃ ሳይሞላቸው ጁስ ቤት ይገባሉ። ጁሱ ሁለት ይሆናል፣ ከዚያ ምሳ ይከተላል። ነጻ የተባለው ቀን ሂሳብ የሚበዛበት በዚህ መንገድ ነው።

ጥሩዎቹ ሰዓቶች ሁለት ናቸው። አንዱ ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት፣ ሌላው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ። ጠዋቱን ብዙ ሰው አይሞክረውም፤ እኔ ግን ለመጀመሪያ ቀጠሮ እሱን እመርጣለሁ። ሐይቁ ነፋስ አልነካውም። አሳ አስጋሪዎቹ በደንገል ታንኳ ወደ ዳር ይመለሳሉ። ደንገሉ ሲያድር ውሃ ጠጥቶ ስለሚከብድ ታንኳቸውን ጎትተው አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል፤ ከስሩ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። አሳው ሲጸዳ፣ ምንቃራቸው ስር ከረጢት ያላቸው ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ተራ እንደያዘ ሰው ቆመው አንጀቱን ይጠብቃሉ። አንዱ ሲወረወርለት ሌላው ሊነጥቀው ይሮጣል። ይሄን ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያዩ ወሬ አያልቅባቸውም። ዳር ላይ ጀበና የምትጥድ እናት አትጠፋም። ሁለት ስኒ ቡና፣ ጨረሳችሁ።

ለማታው ደግሞ ቤዛዊት አለላችሁ። ከዓባይ ማዶ ያለው፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የቆመበት ኮረብታ ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲታጠፍ ከዚያ ላይ ይታያል፤ ፀሐይዋም ወደ ከተማው በኩል ትጠልቃለች። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ እሱን በእግር መሻገር ብቻውን አንድ ቀጠሮ ነው። አደራ ግን፣ ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ ስለ መውረጃ ማሰብ እንዳትጀምሩ። ባጃጅ እዚያ ላይ እንደ መሀል ከተማ አይገኝም።

የሰውየውን ጾም ሳይጠይቁ አሳ መጋበዝ

ይሄን የሠራሁት ራሴ ነኝ። ብር ቆጥቤ፣ ሳምንቱን ሙሉ ምሳ ሽሮ ብቻ እየበላሁ፣ ሐይቅ ዳር አሳ ጥብስ ልጋብዛት ወሰድኳት። ቆሮሶው ተጠብሶ፣ ሎሚና ዳጣ ከጎኑ ሆኖ ቀረበ። እሷ ዝም ብላ ሳህኑን ታያለች።

«ምነው፣ አልተስማማሽም?»

«ዛሬ እኮ ዓርብ ነው» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

እኔ ቤት ዓርብ አሳ ይበላል። እሷ ቤት አይበላም። ምዕመናን በዚህ ጉዳይ እንደየቤታቸው ይለያያሉ፤ ብዙዎች ግን በጾም አሳ አይነኩም። እሷ ደረቅ እንጀራ በዳጣ በላች፤ እኔ ደግሞ አሳው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ብሩ አልነበረም የቆጨኝ። አንድ ጥያቄ ብጠይቃት ኖሮ የዚያን ቀን ሽሮ በልተን ደስ ብሎን እንለያይ ነበር።

ስለዚህ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ። ረቡዕና ዓርብ አሉ። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ ይገባል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕም ዓርብም ፍስክ ስለሆነ ለአሳ ቀጠሮ እንደዚያ ያለ ጊዜ የለም። ጓደኛችሁ ሙስሊም ከሆነ ወይም ከሆነች የረመዳን ቀጠሮ ከአፍጥር በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ቴምር ይዞ መሄድም ወጪው ትንሽ፣ ክብሩ ትልቅ ነው።

ጀልባን ለሁለት ኮንትራት መያዝ

የጀልባ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው በጀልባው እንጂ በሰው አይደለም። ሁለት ሆናችሁም ስምንት ሆናችሁም ያው ነው። ለሁለት ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ የአንድ ወር ቀጠሮ ብር በግማሽ ቀን አለቀ ማለት ነው። ጊዮርጊስ አካባቢ ካለው የጀልባ ማረፊያ በጠዋት ብትደርሱ እንደናንተው ሰው የሚፈልጉ አይጠፉም፤ አለዚያም ሦስት አራት ጥንዶች ሆናችሁ ሂዱ። ዘጌ ከሆነ መድረሻችሁ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ በየብስም ይደረሳል።

ሁለተኛው ስህተት ሰዓቱ ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ያነሳል። ጠዋት ረግቶ የነበረው ሐይቅ በ9 ሰዓት ጀልባዋን ያንገላታታል። በጠዋት ሂዱ፣ ቶሎ ተመለሱ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳትለብሱ አትሳፈሩ፤ «ቅርብ ነው» የሚላችሁን አትስሙ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል። አንድ ጓደኛዬ እጮኛውን ክብራን ገብርኤል ወሰዳት። ጀልባዋ ስትጠጋ ቀዛፊው «እህቴ፣ አንቺ እዚህ ነው የምትጠብቂው» አላት። ክብራን ሴት አይገባም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው። እሱ ገዳሙን አይቶ እስኪመለስ እሷ ጀልባ ላይ ፀሐይ ስትመታት ቆየች። ሲመለስ ያየውን ቢነግራትም ምን ይጠቅማታል? አብራችሁ መግባት ከፈለጋችሁ የዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት አለ፤ ክብራን አጠገብ እንጦስ ኢየሱስ አለ። ነጠላ ያዙ፣ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልበሱ፣ የመግቢያውን ክፍያም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ዘጌ ግን ገዳሙ ብቻ አይደለም። ከጀልባ ወርዳችሁ ሽቅብ የምትሄዱት በቡና ጫካ ውስጥ ነው። ሲነገር እንደኖረው ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው የበቀሉት ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ነው፤ በሬ ጠምዶ ማረስም አልተለመደም። ታሪኩን በመንገድ ላይ ከአካባቢው ሰው ስሙት። እኔ ከምነግራችሁ እዚያ ጥላ ስር ሲነገር ይጥማል።

ጢስ ዓባይን ያለ ወሩ መሄድ

በሚያዝያ ሄደን ነበር፤ ያገኘነው ጥቁር ድንጋይና ከጎኑ የሚወርድ ቀጭን ውሃ ነው። ፏፏቴው 45 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ሲሞላ ደግሞ ወንዙ እስከ 400 ሜትር ይሰፋል። ግን ውሃው ለመብራት ማመንጫም ይፈለጋል። ጢስ ዓባይ ላይ ራሱ ማመንጫ አለ፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ በሌላ በኩል ውሃ ይወስዳል። በበጋ ለፏፏቴው የሚተርፈው ትንሽ ነው።

ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሂዱ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመናኸሪያ በሕዝብ ትራንስፖርት መሄድ ከኮንትራት እጅግ ይረክሳል። የመንገዱን ሁኔታ በዕለቱ ጠይቃችሁ ውጡ፤ የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚመለስም እንዲሁ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግራችሁ ስትሄዱ ጭቃ አለና ነጭ ጫማ ቤት ይቅር።

ውሃው ውስጥ መግባት

አጭር ነው፦ አትግቡ። ጣና ቢልሃርዝያ አለበት፤ እግር ነክሮ መቀመጥም ያጋልጣል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣልና ለፎቶ ብላችሁ ሣሩ ውስጥ እንዳትገቡ።

የሌለንን እንዳለን ማስመሰል

ብዙ ወንድሞቼ ተበድረው ይጋብዛሉ። ከዚያ ደሞዝ እስኪወጣ ይጠፋሉ። ስልክ አይነሳም። እሷ «ተወኝ» ብላ ታዝናለች፤ እሱ ግን ኪሱ ባዶ ስለሆነ ነው የተደበቀው። ስንት ፍቅር በዚህ ተበላሽቷል።

«በዚህ ሳምንት እጅ አጥሮኛል፤ ሐይቅ ዳር ወክ እናድርግ?» ማለት ምን ይከብዳል? ባለቤቴ እንደዚያ ያልኳትን ቀን እስከዛሬ ታስታውሳለች። ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ አወጣች፤ «እኔም እኮ የለኝም፣ ግን ይሄ አለን» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ሳምንት እሷ፣ አንድ ሳምንት እኔ ሆነ። ሴቶችም «እሱ ይክፈል» ብላችሁ ዝም አትበሉ። ዝምታው እሱን ወደ ብድር ይነዳዋል።

ጭር ያለ ቦታን ሳያማክሩ መምረጥ

ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ብትሆንም ሰው ይተዋወቃል። የእሷ አጎት ወይም የሰፈር ሰው በባጃጅ ሊያልፍ ይችላል። እሱ ይሄን ፈርቶ ጭር ወዳለው ዳር ይወስዳታል። እሷ ደግሞ ጭር ያለው ቦታ ያስፈራታል፤ ቅር እንዳይለው ብላ ግን አትናገርም። ሁለቱም ሳይመቻቸው ይውላል። «የት ይመችሻል? ስንት ሰዓት ቤት መግባት አለብሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሷ 12 ሰዓት ከሆነ በ11 ተኩል ተነሱ። ለመመለሻ ባጃጅ የሚሆን ብር ለየት አድርጋችሁ ያዙ፤ ምንም ቢፈጠር አይነካም።

ሰው ያለበት ግን የማያስጨንቅ ቦታ ሞልቷል። ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ምን ዝግጅት እንዳለው በሩ ላይ እያለፋችሁ እዩ። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት ተከራይቶ ዘንባባ ስር መንዳትም ጥሩ ነው፤ ቀሚስ ለብሳ እንዳትመጣ ግን ቀድማችሁ ንገሯት።

ባዶ እጅ መሄድ

ውሃና የሚበላ ካልያዛችሁ ሲርባችሁ አጠገባችሁ ያለው ቤት ትገባላችሁ። እዚያ የምትከፍሉት ለምግቡ ብቻ ሳይሆን ሐይቁን ለሚያየው ወንበርም ነው። እኛ ቅዳሜ ገበያ ገብተን የገዛናት አገልግል አለችን፤ ቆዳዋ ጠቁሯል፣ ማንገቻዋ ሁለቴ ተጠግኗል። ጠዋት ባለቤቴ ፍርፍሩን ትሠራለች፣ እኔ ሻዩን በፔርሙስ እሞላለሁ። አንድ ጋቢ ለመቀመጫ፣ አንድ ፌስታል ለቆሻሻ። ፌስታሉን ሞልተን ይዘነው እንመለሳለን፤ ጣና እምቦጩ አንሶት ፕላስቲክ አንጨምርበትም። ዋርካው ስር ክዳኑ ሲከፈት የበርበሬና የቅቤው ሽታ ይወጣል፣ ከጎን የተቀመጡ ተማሪዎች ዞር ይላሉ። «ኑ ብሉ» እንላቸዋለን፤ ብዙ ጊዜ ይመጣሉ።