የአሮጌ ፒካፕና የአይሱዙ ፓራብሬዛ ስታስቀይሩ አትሳሳቱ

ይሄ የድሮዎቹን መኪኖች ለያዛችሁ ነው፣ ፓራብሬዛቸው (የፊት መስታወታቸው) በማጣበቂያ ሳይሆን በወፍራም ላስቲክ ተነክሶ የሚቀመጥባቸው፣ የድሮ ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘር 70 ፒካፕ፣ አይሱዙ ኤንፒአርና መሰሎቹ። ከሃይሉክስ ቪጎ ወዲህ ያሉት ፒካፖች በማጣበቂያ ነው የሚገጠሙት፣ ስለነሱ ወደ ታች ትንሽ እላለሁ።

ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለብርጭቆው ነው፣ የት ይገኛል፣ ስንት ነው፣ ኦሪጅናል ነው ወይ። አሮጌ መኪና ላይ ግን ስራውን የሚያበላሸው ዙሪያው ነው፣ ላሜራውና ላስቲኩ። ስለዚህ ትልቁ ስህተት ዝገቱን አይቶ እንዳላየ ማለፍ ነው። ብርጭቆው ሲወጣ መጀመሪያ ከታች ሁለቱን ማዕዘን እዩ፣ ውሃ ላስቲኩ ስር ተኝቶ የሚከርመው እዛ ነው። ከላይ ቀለሙ ትንሽ ያበጠ ብቻ ይመስላል፣ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ስታደርጉት ግን እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈራል። እዚህ ጋ የጋራዥ ልጆቹ “ጋሼ ችግር የለውም በስቱኮ (በመሙያ ሊጥ) እናስተካክለዋለን” ይላሉ። በፍፁም እሺ እንዳትሉ። ላስቲኩ የሚነክሰው የላሜራ ጠርዝ ውፍረቱ ለላስቲኩ ቦይ ተለክቶ የተሰራ ነው፣ ስቱኮ ሲጨመርበት እዛች ቦታ ላይ ይወፍርና ብርጭቆውን ከስር ይገፋዋል፣ ከዛ ኮረኮንች ላይ ካቢናው ሲወዛወዝ ወይ ደሞ ከአዲስ አበባ ብርድ ተነስታችሁ አዋሽ ሙቀት ውስጥ ስትገቡ ጠጠር ሳይነካው ከማዕዘኑ ስንጥቅ ይጀምራል። ያኔ ነው እንግዲህ “ብርጭቆው ቻይና ስለሆነ ነው” የሚባለው፣ ብርጭቆው ምንም አላደረገም።

ትክክሉ የበላውን ላሜራ ቆርጦ አውጥቶ በተመሳሳይ ውፍረት ላሜራ መበየድ፣ ብየዳውን በፍሌክስ (በኤሌክትሪክ መሞረጃ) እኩል እስኪሆን መሞረድ፣ ፀረ ዝገት መቀባት፣ ቀለም መቀባት፣ ከዛ ማድረቅ። ማድረቅ ስል እጅ ስታሳርፉበት የማይያዝ ማለቴ አይደለም፣ በደንብ ይድረቅ፣ ያልደረቀ ቀለም ላይ ላስቲክ ከተጫነ ቀለሙን ላጥ ያደርገዋል፣ ዝገቱም ከዜሮ ይጀምራል። ለዚህ ነው ባቲላሜራውን (ላሜራ ሰራተኛውን) እና መስታወት ገጣሚውን በአንድ ቀን አትቅጠሩ የምለው፣ ገጣሚው ቆሞ እየጠበቀ ማንም ቀለም አያደርቅም።

አሮጌውን ላስቲክ መልሶ መጠቀም ሌላው ነው። ፀሀይ የመታው ላስቲክ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል። በጥፍራችሁ ተጫኑት፣ ካልተመለሰ አልቋል። ለብርጭቆ ያን ያህል ብር አውጥቶ ላስቲክ ላይ መቆጠብ አይገባኝም።

ብርጭቆ ሲገዛ ደሞ “የኤንፒአር ስጠኝ” ብሎ መሄድ አይበቃም። አይሱዙ ጠባብ ካቢናም ሰፊ ካቢናም አለው፣ ብርጭቆው አይገናኝም። አሮጌውን ለኩት፣ የላዩን፣ የታቹንና የመሀሉን ቁመት ፅፋችሁ ያዙ፣ ከተቻለ መኪናውን ይዛችሁ ሂዱ። ሶማሌ ተራ የተፈታ መኪና ፓራብሬዛ ካገኛችሁ መጀመሪያ ጠርዙን ዙሪያውን በአይን ፈትሹ (በጣት አይደለም፣ ይቆርጣል)፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ የተሸረፈች ነገር ካለች ስንጥቅ የሚጀምረው ከሷ ስለሆነ ተዉት። ቀጥሎ ወደ ፀሀይ አዙራችሁ የዝናብ መጥረጊያ የጫረው ቅስት ካለ እዩ፣ ቀን ላይ ምንም አይመስልም፣ ማታ ግን ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት መንገዱን ያጠፋባችኋል። ጠርዙ አካባቢ ነጭ ወተት መሳይ ነገር ካለም መሀሉ ያለው ፕላስቲክ መልቀቅ ጀምሯል ማለት ነው።

ፕላስቲክ ካልኩ አይቀር፣ ፓራብሬዛ ላሚኔትድ መሆን አለበት፣ ሁለት ብርጭቆ መሀሉ ላይ በፕላስቲክ ተጣብቆ። ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ ፊታችሁ ላይ አይረግፍም። ቴምፐርድ የሚባለው ግን፣ የበር መስታወት የሚሰራበት፣ አንዴ ከተመታ ሙሉ በሙሉ ይደቃል። ማዕዘኑ ላይ ያለውን ፅሁፍ አንብቡ፣ በአሜሪካ ደረጃ የተሰራ ከሆነ ኤኤስ 1 የሚለው ነው ለፓራብሬዛ የሚሆነው፣ ኤኤስ 2 አይሆንም። በጣም የድሮ ጠፍጣፋ ፓራብሬዛ ያላቸው መኪኖች ላይ ደሞ መስታወት ቤት ሄዶ ማስቆረጥ ይቻላል፣ ግን ከላሚኔትድ ብቻ፣ ጠርዙን ስታዩት መሀሉ ላይ መስመር ሊታያችሁ ይገባል። የቤት መስኮት መስታወት ቆርጦ የሚገጥም ሰው ካገኛችሁ ዘወር በሉለት። የገዛችሁትንም ፒካፑ ስፖንዳ ላይ አጋድማችሁ አታምጡ፣ በጠርዙ ቁሞ ከስሩ ብርድ ልብስ ተደርጎለት ሰው ይያዘው።

አሮጌውን ከማውጣታችሁ በፊት ቦሎውንና የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን ስቲከር አንሱ፣ ብርጭቆው ተጥሎ ስቲከር ፍለጋ ቆሻሻ የሚገለብጥ ሰው ብዙ ነው። በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡት፣ ቢቀደድም ቁርጥራጩን አስቀምጡት። ከዛ ዳሽቦርዱን በካርቶን ሸፍኑ፣ በተለይ ብርጭቆው ስር ያሉትን የአየር መውጫ ቀዳዳዎች በፕላስተር ዝጉ። ይሄን ማንም አያደርገውም። የተሰበረው ሲወጣ ደቃቁ እዛ ውስጥ ይገባል፣ ከሳምንት በኋላ ዝናብ ሲመጣ ጉም ለማጥፋት አየሩን ስትከፍቱት አይናችሁ ላይ ይረጨዋል። ላስቲኩን የምትጥሉት ስለሆነ ከውጪ በምላጭ ቁረጡትና ብርጭቆውን አንሱት፣ ከውስጥ ተኝቶ በእግር መርገጥ የተለመደ ነው ግን ያንን የደከመ ላሜራ ያጣምመዋል።

አሁን መግጠሙ። እዚህ ጋ ያለው ስህተት ጉልበት ነው። ካቻቢቴ ይዞ ላስቲኩን እየፈለቀቁ ማስገባት፣ በጉልበት መግፋት፣ በጎማ መዶሻ ማባበል፣ አንዷ ማዕዘን ቀጭ ካለች አለቀ። አሰራሩ በገመድ ነው። ላስቲኩ መጀመሪያ ብርጭቆው ላይ ዙሪያውን ይለብሳል፣ ከዛ ላሜራውን በሚነክሰው ቦይ ውስጥ ጠንካራ ናይለን ገመድ ዙሪያውን ይቀበራል፣ ሁለቱ ጫፎች ከታች መሀል ላይ አንድ ስንዝር ያህል ተደራርበው ወደ ውስጥ ይንጠለጠላሉ። ሲባጎ አትጠቀሙ፣ ወይ መሀል ላይ ይበጠሳል ወይ ላስቲኩን ይቆርጠዋል። ቦዩንና ላሜራውን በላርጎ ውሃ አርጥቡ። ግሪስ፣ ዘይት፣ ናፍጣ አይደረግም፣ ለጊዜው ያንሸራትታል ግን ላስቲኩን ያሳብጠዋል።

ሁለት ሰው ብርጭቆውን ከውጪ መሀል ላይ አስተካክሎ ያሳርፈዋል፣ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ የገመዱን ጫፍ ወደ ብርጭቆው መሀል አቅጣጫ ቀስ እያለ ይስባል፣ ገመዱ ሲወጣ የላስቲኩን ከንፈር ላሜራው ላይ ያሻግረዋል፣ ውጪ ያለው ደሞ ገመዱ በደረሰበት ቦታ በመዳፉ ጠፍ ጠፍ እያደረገ ይከተለዋል። ታቹ ይቀድማል፣ ከዛ ጎንና ጎን፣ ላዩ መጨረሻ። ማዕዘን ላይ ገመዱ እምቢ ካለ ቁሙ፣ ላርጎ ጨምሩ፣ ውጪ ያለው ብርጭቆውን ወደ ታች ትንሽ ይጫነው፣ እንደገና ሞክሩ። አሁንም እምቢ ካለ አውጥቶ ላሜራውን ማየት ነው፣ የሆነ ቦታ ያልተሞረደ ብየዳ ቀርቷል ማለት ነው። ላስቲኩ ፊት ላይ ቀጭን ማጠንከሪያ ላስቲክ ወይም ኒኬል የሚገባበት ቦይ ካለው እሱን “ለውበት ነው” ብላችሁ እንዳትተዉት፣ ላስቲኩን ወጥሮ ብርጭቆው ላይ የሚያስጨንቀው እሱ ነው።

ውሃ ካስገባ ዙሪያውን ሲሊኮን መለቅለቅ የጋራዥ ሁሉ መድሀኒት ነው። ኮምጣጤ የሚሸተው አይነት ሲሊኮን ደሞ ባዶ ብረት ያዝጋል፣ ውሃውንም ከውጪ ዘግቶ ውስጥ ያስቀረዋል። መጀመሪያ የሚያስገባበትን ቦታ ፈልጉ፣ አንድ ሰው ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው ውሃውን ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ያፍስስ፣ ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ቦታ ስለሚረጥብ ምንም አታውቁም። ቦታው ሲገኝ የላስቲኩን ከንፈር ከፈት አድርጎ የማይደርቅ ጥቁር ማስቲሽ እዛው ብቻ ማስገባት ይበቃል።

ላስቲኩ ሲጠፋ “እናጣብቀዋለን” የሚሉም አሉ። በላስቲክ የሚገጠም ብርጭቆ ጠርዙ ላይ ያ በሚጣበቀው ብርጭቆ ዙሪያ የሚታየው ጥቁር ቀለም የለውም፣ ያ ጥቁር ማጣበቂያውን ከፀሀይ የሚከልል ነው፣ ያለሱ ፀሀይ ማጣበቂያውን ይበላዋል፣ ብርጭቆውም ይለቃል። እንደ ቪጎ መጀመሪያውኑ የሚጣበቅ መኪና ከያዛችሁ ደሞ በዩሬቴን (የመኪና መስታወት ማጣበቂያ) እንጂ በሲሊኮን አይደለም፣ የሚደርቅበት ሰአት ቱቦው ላይ የተፃፈ ስለሆነ እሱ ሳይሞላ አትንዱት፣ አንድ የበር መስታወት ዝቅ አድርጋችሁ ተዉ፣ በር ድው ሲል የታፈነው አየር ያልደረቀውን ብርጭቆ ይገፋዋል።

በመጨረሻ የዝናብ መጥረጊያውን ላስቲክ ቀይሩ። አሮጌው ውስጥ የከረመ አሸዋ አለ፣ አዲሱን ብርጭቆ በመጀመሪያው ዝናብ ይጭረዋል። ስትቀይሩ ደሞ ላስቲኩ የሌለበት የብረቱ ክንድ ተስፈንጥሮ እንዳይመታው ብርጭቆው ላይ ጨርቅ አንጥፉ።