ለታንክ ሞዴል ጭቃ ከደጃችሁ አፈር
ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ ሞዴል ሠሪዎች፦ ጭቃ ለመሥራት ደጅ ያለው አፈር ይበቃል፤ እንዳለ ግን አትቀቡት። በ1/35 መጠን (ሞዴሉ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ሲያንስ) 1 ሚሊሜትር ጠጠር ማለት በእውነተኛው ታንክ ላይ የ3.5 ሴንቲሜትር ድንጋይ ነው።

አፈሩን መጥበሻ ላይ አመስ አድርጋችሁ ውቀጡት፣ ከዚያ በአሮጌ ስቶኪንግ ንፉት። የዱቄት ወንፊት አያጠራውም። በግምት 2 እጅ አፈር በ1 እጅ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ ውሃ እያከላችሁ እንደ አጥሚት እስኪወፍር አማስሉ። አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙናም ጨምሩ፤ ያለሱ ድብልቁ ቀለሙ ላይ እየተሰበሰበ ይሸሻል። ኮላው ካነሰ ይረግፋል፣ ከበዛ ያብለጨልጫል፤ ለሁለተኛው ማት (የማያብለጨልጭ) ቫርኒሽ መፍትሔ ነው። ሲደርቅ የጭቃው ቀለም ስለሚለወጥ መጀመሪያ ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ሞክሩት።

ሞዴሉ የሶቪየቱ ታንክ ቲ-55 ከሆነ ጭቃውን ከጎማዎቹ ጀርባና ከጭቃ መከላከያው ሥር አወፍሩት። በጎማዎቹ መካከል የሚያልፉት የሰንሰለቱ ጥርሶች ግን ሁልጊዜ ስለሚፋተጉ ንጹሕ ብረት መምሰል አለባቸው፦ በ6ቢ (ለስላሳና ጥቁር) እርሳስ ማሸት ይበቃል።

በደሴ ክረምት ቶሎ አይደርቅም። ሁለት ስስ ንብር ቀቡ፣ በመካከሉ አንድ ሌሊት ይደር፤ ወፍራሙ ይሰነጠቃል። ለማፋጠን ብላችሁ ከሰል አጠገብ አታስቀምጡት፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል።