ቼክ ኢንጅን ሲበራ፦ ዲለር ከመግባታችሁ በፊት

ፌብሩዋሪ ነው፣ ገና አልነጋም። አንድ ተሳፋሪ ይዤ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ወደ ደለስ ኤርፖርት ልወጣ ስል ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት አቆመኝ። ካምሪዬ የ2012 ናት፣ ባለ 2.5 ሊትር ሞተር፣ 118,000 ማይል ሄዳለች። መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ወዲያው ቼክ ኢንጅን (ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት) መጣች። ቦግ ብላ ብትቀር አልደነግጥም ነበር። ይቺኛዋ ግን ብልጭ ድርግም ትላለች።

ሁለቱን ለዩ። ቦግ ብላ ከቀረች፣ የሞተሩ ሙቀትና የዘይት መብራቱ ደህና ከሆኑ፣ እስክታስመረምሩ መንዳት ይቻላል። ብልጭ ድርግም ካለች ግን አንዱ ሲሊንደር ቤንዚኑን እያቃጠለ አይደለም። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ይወርድና እዚያ ይነድዳል፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩንም (የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ዕቃ) አግሎ ያበላሸዋል። የአንድ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ) ጉዳይ ከ1,000 ዶላር በላይ የሚሆነው እንዲህ ነው። ተሳፋሪዬን ይቅርታ ጠይቄ ሌላ መኪና አስጠራሁትና ዳር ያዝኩ።

እስከዚህ ደህና ሄጃለሁ። ቀጥሎ የሠራሁት ስህተት ነው። ዲለሩ (የቶዮታ ሻጭና ጠጋኝ ድርጅት) ሁለት ማይል ስለማይርቅ በዝግታ እየነዳሁ ሄድኩ (ኢንሹራንሴ ውስጥ ነፃ ጉተታ እንዳለኝ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ የእናንተን ዛሬውኑ እዩት)፣ ቁልፉንም ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሰርቪስ አድቫይዘሩ ወረቀት ይዞ መጣ። አራት ኮይል፣ አራት ካንዴላ፣ የኢንጀክተር (የቤንዚን መርጪያው) ጽዳት፣ የትሮትል ቦዲ (የአየር ማስገቢያው) ጽዳት፣ ሁሉም ተደምሮ 1,940 ዶላር። የታመመው የትኛው ሲሊንደር ነው ብዬ ብጠይቀው «አራቱንም አንድ ላይ መቀየር ይሻላል» አለኝ። ይሄ የጥያቄዬ መልስ አልነበረም። የምርመራውን 189 ዶላር ከፍዬ፣ ከመኪናዋ ኮምፒዩተር ያገኙት የብልሽት ኮድ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ጠይቄ ወጣሁ።

ከዚያ አንድ የማውቀው ልጅ ጋ ደወልኩ፣ መካኒክ ነው።

«ጋሼ፣ ኮዱ ስንት ይላል?»

«ፒ0301።»

«እንግዲያው አንደኛው ሲሊንደር ነው። ዛሬ ምንም ዕቃ እንዳይገዙ። የአንደኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር ያቀያይሩና ኮዱ ይከተለው እንደሆነ ይዩ።»

ከ1996 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ መኪኖች ከመሪው ሥር አንድ ዓይነት የኮምፒዩተር መሰኪያ አላቸው። ማንበቢያው 20 ዶላር አካባቢ ይገኛል፣ ካልሆነ እንደ አውቶዞን ያሉ የመለዋወጫ መደብሮች በነፃ ያነቡላችኋል። ኮዱ ግን ቀይር የሚባለውን ዕቃ አይነግራችሁም። ፒ0455 የቤንዚን ትነት ይወጣል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ በደንብ ያልተጠበቀ የነዳጅ ክዳን ነው። ፒ0171 አየሩ ከቤንዚኑ በዛ ይላል፤ የተሰነጠቀ የሞተሩ አየር ቱቦ ሊሆን ይችላል። ፒ0420ን ያየ ሁሉ ካታሊቲክ ካልቀየርን ይላል፣ ከፊቱ ባለው የጭስ ቱቦ ላይ ያለ ቀዳዳም ግን ያንኑ ኮድ ያመጣል። ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ያሉት የመጨረሻ ቁጥራቸው ሲሊንደሩን ነው የሚጠቁመው። ኮዱን ከማጥፋታችሁ በፊት ማንበቢያው ያስቀመጠውን ቅጽበት ፎቶ አንሱት፤ ችግሩ ሲፈጠር ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን የሞቀ፣ በስንት ዙር ይዞር እንደነበር ይናገራል።

ኮይል ማቀያየሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ይቀዝቀዝ፣ ቁልፉ ይጥፋ። ኮፈኑን ከፍታችሁ ከላይ ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛ አንሱ። አራት ኮይሎች ተደርድረው ታያላችሁ፤ በኔ ካምሪ አንደኛው በተሳፋሪው ወገን፣ በቺንጋው በኩል ያለው ነው። የኤሌክትሪክ ሶኬቱን መንጠቆውን ተጭናችሁ ንቀሉ፣ በኃይል ከሳባችሁት ፕላስቲኩ ደርቋልና ይሰበራል። አንዷን ብሎን በ10 ሚሊሜትር ቁልፍ ፍቱ፣ ኮይሉን ትንሽ አዟዙራችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጫፉ ዘይት ነክቶት ከወጣ ሌላ ጉዳይ አለ፤ የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን ያፈስሳል፣ አዲስ ኮይል ብትገዙም ዘይቱ ያበላሸዋል። የኔ ደረቅ ነበር። አንደኛውንና ሦስተኛውን አቀያየርኩ፣ ኮዱን አጠፋሁ፣ አስነሳሁ። ብዙም ሳይቆይ መንቀጥቀጡ መጣ፣ ማንበቢያው ፒ0303 አለ። ኮዱ ኮይሉን ተከትሎ ሄዷል፤ የሞተው ኮይሉ ነው።

አንድ ኮይል በ85 ዶላር ገዛሁ። ካንዴላዎቹን በተመለከተ ግን ዲለሩ ትክክል ነበር፤ ቶዮታ እነዚያን የኢሪዲየም ካንዴላዎች በ120,000 ማይል ቀይሩ ነው የሚለው፣ ስለዚህ አራቱንም ለወጥኩ። ሁሉም 150 ዶላር አልሞላም።

ኮዱ ባለበት ከቀረ ደግሞ ካንዴላውን፣ ቀጥሎ ኢንጀክተሩን አቀያይራችሁ ሞክሩ። አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ የሚጨምቅበትን ግፊት) አስለኩ። የአንድ ጓደኛዬ የ2011 ፕሪየስ በዚህ ነው የተያዘችው። ጠዋት ስትነሳ እንደ ወፍጮ ትንቀጠቀጣለች፣ ከደቂቃ በኋላ ደህና ትሆናለች፣ የራዲያተሩ ውሃ ደግሞ መሬት ሳይንጠባጠብ ይጎድላል። የዚያ ትውልድ ፕሪየስ የኢጂአር ቱቦው (ጭሱን በከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) በካርቦን እየተደፈነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መብላቱን ታክሲ ነጂ ሁሉ ያውቀዋል። ሌሊቱን ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፣ ጠዋት ያንን ነው የምትተፋው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መመርመሪያ ይደረጋል፤ የሞተር ጭስ ውሃው ውስጥ ካለ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ያለዚህ «ሞተር ይቀየር» የሚላችሁን አትመኑት።

ዲለሩን አትሂዱበት ማለቴ አይደለም። በነፃ የሚሠራውን እዚያ ነው የምታሠሩት። 17 ፊደልና አሃዝ ያለውን የቪን (የመኪናዋ መለያ) ቁጥር በፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገቡና ሪኮል (ፋብሪካው ለጉድለት የሚጠራው ጥገና) ካለበት እዩ፤ የሪኮል ጥገና ያለ ክፍያ ነው። ካታሊቲክ ኮንቨርተርና የሞተር ኮምፒዩተር በፌዴራል ሕግ የ8 ዓመት ወይም የ80,000 ማይል ዋስትና አላቸው፣ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል። ስድስት ዓመት ለሞላት፣ 70,000 ማይል ለሄደች መኪና ካታሊቲክ ክፈሉ ካሏችሁ ይህን ጥቀሱ። ዘይት ውጭ ስላስቀየራችሁ ዋስትናው ፈርሷል ካሏችሁም፣ ከ1975 ጀምሮ ያለው የዋስትና ሕግ እንዲህ ማለትን ይከለክላል። የዘይት ደረሰኝ ግን አትጣሉ፤ እኔ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ በላስቲክ አስሬ ነው የማስቀምጠው።

ክፍያ ሲሆን ሜሪላንድ ውስጥ ከ50 ዶላር በላይ ለሆነ ጥገና የጽሑፍ ግምት የመጠየቅ መብት አላችሁ። ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ ጨምሮ ለማስከፈል የናንተ ፈቃድ ያስፈልጋል። የወለቀውን አሮጌ ዕቃም ውሰዱ፣ በዋስትና ወደ ፋብሪካ የሚመለስ ካልሆነ በቀር ሊከለክሏችሁ አይችሉም። ሥራው ሳይጀመር ተናገሩ እንጂ በኋላ ቆሻሻ ውስጥ ገባ ይላሉ። የእጅ ዋጋው ብዙ ጊዜ በሰዓት ቆጠራ ሳይሆን በመጽሐፍ ላይ በተጻፈ ሰዓት ነው፤ ልጁ በ20 ደቂቃ ቢጨርሰውም መጽሐፉ አንድ ሰዓት ካለ የአንድ ሰዓት ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ «ስንት ሰዓት አስባችኋል?» በሉ። «ኢንጀክተር ይጸዳ» ሲሏችሁ ደግሞ «የትኛው ምርመራ አሳያችሁ?» በሉ። እኔ ይህን ከጠየቅሁ ወዲህ ጽዳቱ ከወረቀቱ ላይ ሲጠፋ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ።

የሜሪላንድ የጭስ ምርመራ የደረሰባችሁ ኮዱን አጥፍታችሁ በዚያው ጠዋት አትሂዱ። ኮድ ሲጠፋ ኮምፒዩተሩ የራሱን ፍተሻ ከዜሮ ይጀምራል፣ ጣቢያውም ገና ዝግጁ አይደለችም ብሎ ይመልሳችኋል። እኔ ኮይሉን ቀይሬ ጥቂት ቀን ከተማም አውራ ጎዳናም ነዳሁ፣ ማንበቢያው ላይ ፍተሻዎቹ መሞላታቸውን አየሁ፣ ከዚያ ሄጄ አለፍኩ።