ለጋ ፈረስ ጋላቢውን መቻሉን በምን እናውቃለን? ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ለጋ ፈረስ ሲከብደው አፍ አውጥቶ አይነግረንም። ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል፣ ጅራቱን ያወናጭፋል፣ ኮርቻ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ይህን የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ "አመለኛ ነው" ብሎ ልጓሙን ያጠብቃል። እኔ ግን አመሉን ከመውቀሳችን በፊት ጀርባውን እንዳስስ እላለሁ። የአራት ዓመት ባዝራ ስገራ ልወጣባት ስል በተደጋጋሚ ወደ ጎን ትሸሽብኝ ነበር። ሳምንታት ሙሉ ቀጥ ብላ እንድትቆም ሳለማምዳት ቆየሁ። አንድ ቀን ኮርቻውን አውርጄ ከጀርባ አጥንቷ ግራና ቀኝ በጣቴ ጫን ጫን ሳደርግ ወገቧ ቁልቁል ሰመጠ። ሕመም ነበር። ያን ቀን የተሰማኝ ጸጸት እስከ ዛሬ አለ፤ ይህን የምጽፈውም ሌላው ሰው ቀድሞ እንዲያየው ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡ

ምልክቶቹን ከማየታችን በፊት ክብደቱን እናስላ። ሚዛን ከሌላችሁ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሩ ክርን ኋላ፣ በትከሻው አናት በኩል ዞራችሁ የደረቱን ዙሪያ በሴንቲሜትር ለኩ። ከዚያ ከትከሻው ፊት እስከ ቂጡ ጫፍ ርዝመቱን ለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዙት፣ በርዝመቱ አባዙት፣ ለ11,880 አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር ግምታዊ ኪሎው ነው። ደረቱ 165፣ ርዝመቱ 150 ከሆነ ወደ 344 ኪሎ ይሆናል።

ለደረሰና ጤናማ ለሆነ ፈረስ በስፋት የሚሠራበት ልክ 20 በመቶ ነው። ጋላቢው፣ ልብሱና ኮርቻው ተደምረው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ አንድ ጥናት ፈረሶች 15፣ 20፣ 25 እና 30 በመቶ ተጭነው ተፈትነው ነበር። እስከ 20 በመቶ ድረስ ብዙም ልዩነት አልታየም። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን የልብ ምታቸው ጨመረ፣ ጡንቻቸውም በማግስቱ ታመመ። ወገባቸው ሰፊ፣ ከጉልበት በታች ያለው አጥንታቸው ወፍራም የሆኑት ሕመሙ ቀለል ብሎላቸዋል። ስለዚህ ሁለት እኩል የሚመዝኑ ፈረሶች እኩል ይሸከማሉ ብላችሁ አትደምድሙ።

ገና እያደገ ላለ ፈረስ እኔ ከ15 በመቶ አላልፍም። በምሳሌያችን 15 በመቶ 51 ኪሎ ገደማ ነው። ኮርቻው 8 ኪሎ ከሆነ ለጋላቢው የሚቀረው 43 ነው። አብዛኛው አዋቂ ሰው ገና አይወጣበትም ማለት ነው። ይህን መስማት ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ቢሆንም ፈረሱን ከኋላው ሆኖ በረጅም ልጓም እየነዱ፣ ሽቅብና ቁልቁል እያስኬዱ ብዙ ማስተማር ይቻላል። ጀርባው የሚጠነክረውም እንዲሁ ነው።

ልትወጡበት ስትሉ ይሸሻል፣ ጠፍሩን ስታጠብቁ ለመንከስ ይሞክራል

መንስኤው ብዙ ጊዜ ኮርቻው ነው። ለጋ ፈረስ በየወሩ ቅርጹ ይለወጣል። በክረምት የገጠመው ኮርቻ በበጋ ይቆነጥጠዋል። ከጋለባችሁ በኋላ ኮርቻውን አንሱና ላቡን እዩ። በረጠበው መሃል ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ፣ እዚያ ላይ ኮርቻው በኃይል ተጭኗል። እብጠት፣ ትኩሳት ወይም አዲስ የበቀለ ነጭ ጸጉርም ይህንኑ ይናገራል። ሌላው ርዝመቱ ነው። ፈረስ 18 ጥንድ የጎድን አጥንት አለው፤ ኮርቻው ከመጨረሻው አልፎ ወገቡ ላይ ማረፍ የለበትም።

መፍትሄው ኮርቻውን በባለሙያ ማስተካከል ነው። ቆጥቋጭ ኮርቻ ስር ወፍራም ጨርቅ መደራረብ ጠባብ ጫማን በወፍራም ካልሲ እንደማድረግ ነው፤ ያባብሰዋል። አወጣጣችሁንም አስተካክሉ። ከመሬት እርካብ ረግጦ መውጣት ኮርቻውን ወደ አንድ ጎን ጎትቶ ጀርባውን ያጣምማል። ከፍ ያለ ነገር ላይ ቆማችሁ ውጡ።

ኮርቻው ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ፈረሱ ይደናቀፋል

ከጎን ቁሙና ቂጡንና የትከሻውን አናት አወዳድሩ። ለጋ ፈረስ ሲያድግ ኋላው ፊቱን ይቀድማል። ቂጡ ከፍ ባለበት ወቅት ጋላቢው ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የፊት እግሮቹ ከድርሻቸው በላይ ይሸከማሉ። እዚህ ላይ ፈረሱም ኮርቻውም አላጠፉም። ጊዜው አልደረሰም። ለጥቂት ሳምንታት ውረዱለትና ፊቱ እስኪደርስ ሳትወጡበት ከመሬት ሆናችሁ አሠሩት። ከተስተካከለ በኋላም የሚደናቀፍ ከሆነ ሰኮናው ረዝሞ እንደሆነ ይታይ።

ጀርባው ይሰረጉዳል፣ ጭንቅላቱን ያነሳል፣ እርምጃው ያጥራል

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ የክብደት ነገር በግልጽ የሚወጣው በዚህ ነው። የፈረስ ጀርባ በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል እንደተዘረጋ ድልድይ ነው። ከታች ደግፎ ቀና የሚያደርገው የሆድ ጡንቻ ነው። ጡንቻው ገና ከሆነ ድልድዩ ይሰምጣል፤ ጭንቅላት ሽቅብ ይሄዳል፣ የኋላ እግር ከሆድ ስር መግባት ያቅተዋል። በሶምሶማ ጊዜ ጀርባ ላይ የሚያርፈው ጫና ደግሞ ከጋላቢው ክብደት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። በእርምጃ የቻለ ፈረስ በሶምሶማ የሚቸገረው ለዚህ ነው።

አጥንቱም ከላይ ሲያዩት እንደሚመስለው አልደረሰም። የፈረስ አጥንት የሚጠናው በጥቅሉ ከታች ወደ ላይ ነው። የፊት ጉልበት አካባቢ ያለው የማደጊያ መስመር የሚዘጋው ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ላይ ነው። የጀርባ አጥንት ግን እስከ አምስትና ስድስት ዓመት ይቆያል። ቁመቱ አያሳስታችሁ። እንዲያውም ረጅምና ቀጭኑ ብዙ ጊዜ ከአጭሩ ዘግይቶ ይጠናል።

ልዩነቱን ለማወቅ እንዲህ አድርጉ። ያለ ጋላቢ በረጅም ገመድ ዙሪያችሁን አስኪዱት። ባዶውንም እርምጃው የሚያጥር ከሆነ ችግሩ ሌላ ሕመም ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ይየው። ባዶውን ጥሩ ሄዶ ኮርቻ ሲደረግበት ከተበላሸ ኮርቻው ነው። ሰው ሲወጣበት ብቻ ከተበላሸ ክብደቱ ወይም አቀማመጣችሁ ነው። ቀለል ያለና ሚዛኑን የጠበቀ ጋላቢ አስወጡና ልዩነቱን እዩ።

የክብደት ችግር ከሆነ ግልቢያውን ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ አድርጉት። አብዛኛው በእርምጃ ይሁን። ሶምሶማ ላይ ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ አትቅሩ፤ ብድግ ቁጭ እያላችሁ ሂዱ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው፤ ስድስት ወር መታገስ ዓመታት ከማስታመም ይሻላል።

ጭንቅላቱን ይወዘውዛል፣ አፉን ይከፍታል

ጀርባው ላይሆን ይችላል። ፈረስ ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ 24 የወተት ጥርሶችን ይለውጣል። ድዱ ላይ የልጓሙ ብረት ሲያርፍ ያመዋል። ጥርሱን አስመርምሩ።

ከሥራ በኋላ ቶሎ አያገግምም

በእረፍት ላይ ያለ የደረሰ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። ከግራ ክርኑ ኋላ እጃችሁን አድርጉ፣ 15 ሰከንድ ቁጠሩ፣ በአራት አባዙ። ከቀላል ሥራ በኋላ 10 ደቂቃ አርፎ ከ60 በታች ካልወረደ ወይ ሥራው በዝቷል፣ ወይ ክብደቱ፣ ወይ የሚያመው ነገር አለ።

በዚያው ቀን ደህና መስሎ በማግስቱ የሚጎዳም አለ። የጡንቻ ሕመም በ24 እና በ48 ሰዓት ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ ከመጋለባችሁ በፊት ጀርባውን በጣታችሁ ዳስሱ፣ ከወረዳችሁ በኋላ ዳስሱ፣ በማግስቱ ጠዋትም ድገሙት። ቆዳው የሚንቀጠቀጥበትን፣ ጡንቻው የሚጠነክርበትን፣ ወገቡ የሚሰምጥበትን ቦታ ደብተር ላይ መዝግቡ። በተከታታይ ሁለት ጠዋት አንድ ቦታ ላይ ካመመው ኮርቻውን ስቀሉና ሐኪሙን ጥሩ።