ከዲዩቲ (ከሆስፒታል ተረኝነት) የወጣን ጓደኛ "ደህና ነህ?" አትበሉት

የጎንደር ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች (ተለማማጅና ስፔሻሊቲ የምትማሩ ሐኪሞች)፣ ይህቺን ሞክሯት። ከዲዩቲ የወጣን ጓደኛ "ደህና ነህ?" ብትሉት "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ያልፋችኋል፤ ሌላ መልስ መች ለመድንና! በምትኩ "ሐሳብህ የትኛው በሽተኛ ጋ ቀረ?" በሉት። የምትጠይቁት ስለ በሽተኛው እንጂ ስለ እሱ ጥንካሬ ስላልሆነ መመለሱ አያሳፍርም፤ የከበደው ነገር ተከትሎ ይወጣል።

ከዚያ መስማት ብቻ ነው። "ይህን ብታደርግለት ኖሮ" ማለት ክልክል፤ ለዚያ ሞርኒንግ (የጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ) አለ፣ እዚያ የሚደርስብን ይበቃናል። ሐኪምና የሥነ ልቦና ተንታኝ የነበረው ማይክል ባሊንትም በ1950ዎቹ ለንደን ላይ ሐኪሞችን ሰብስቦ ያወያይ የነበረው ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ሐኪሙና በሽተኛው ግንኙነት ነበር።

ከግቢ ወጣ በሉ፤ ፒያሳ በኩል አንድ ጀበና ቡና ይበቃል። የበሽተኛ ስም ግን አይነሳ፣ ጎንደር ሰው ይተዋወቃል። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ደግሞ መጀመሪያ ይተኛ።

እንቅልፍ ማጣቱና ተስፋ መቁረጡ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ቡናው ቀርቶ ወደ ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) አብራችሁት ሂዱ። "መኖር ሰልችቶኛል" ካለ ግን ያኔውኑ ነው፤ ብቻውን አትተዉት፣ "ለማንም እንዳትናገሩ" ቢላችሁም እሺ አትበሉ።