ከሳይክሉ በፊት ስለ ሱሪው እናውራ

ሳይክል ሊገዛ ያሰበ ሰው ስለ ማርሹ ይጠይቀኛል። ስለ ፍሬሙ ይጠይቀኛል። ስለ ክብደቱ፣ ስለ ቀለሙም ይጠይቀኛል። ስለ ልብስ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ ግን መልሼ የምጠይቀው እሱኑ ነው፦ «ምን ለብሰህ ልትነዳው ነው?» ይስቃሉ። ትንሽ ቆይተው ይደውላሉ። መቀመጫዬ ተላጠ፣ እጄ ደነዘዘ፣ ጉልበቴን አመመኝ ነው ወሬው።

ይሄ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። መቀመጫው የሚቆረቁረው ሰው ሐሳቡ መንገዱ ላይ አይደለም። ጣቱ የደነዘዘ ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል። ዓይኑ ውስጥ አቧራ የገባበት ለጥቂት ሜትሮች በጭፍኑ ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ከሳይክሉ ላይ ቀንሱና ለልብሱና ለዕቃው አውሉት የምለው። መካከለኛ ሳይክል በደንብ ከተስተካከለ ያደርሳል።

ሰውነታችሁ ሳይክሉን የሚነካው በሦስት ቦታ ነው፦ በመቀመጫ፣ በእጅና በእግር። ብዙ ጣጣ ያለው መቀመጫው ላይ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

አዲስ መቀመጫ ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን ቁመቱን አስተካክሉ። በአንድ እጃችሁ ግድግዳ ይዛችሁ ሳይክሉ ላይ ውጡ። አንዱን ፔዳል እስከ ታች አውርዱትና ተረከዛችሁን አሳርፉበት። እግራችሁ ቀጥ ካለ ቁመቱ ደህና ነው። ስትነዱ የምትረግጡት በተረከዝ ሳይሆን ከጣቶቻችሁ ሥር ባለው ሰፊ የእግር ክፍል ስለሆነ ጉልበታችሁ በትንሹ ይታጠፋል። የሚፈለገውም ይኸው ነው። ቁጥር ለሚወድ ደግሞ ከአሜሪካዊው የቱር ደ ፍራንስ (የፈረንሳዩ ትልቅ የሳይክል ውድድር) አሸናፊ ከግሬግ ሌሞንድ ስም ጋር የሚነሣ ስሌት አለ። በባዶ እግራችሁ ቆማችሁ ከብሽሽት እስከ መሬት ያለውን ለኩና በ0.883 አባዙት። የሚወጣው ቁጥር ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል እስከ መቀመጫው አናት ሊኖር የሚገባው ርቀት ነው። 80 ሴንቲ ሜትር የለካ ሰው 70.6 አካባቢ ላይ ያስረዋል። ከዚያ ወዲያ ሰውነት ራሱ ይናገራል። ጉልበታችሁን ከፊት በኩል ካመማችሁ አብዛኛውን ጊዜ መቀመጫው ዝቅ ብሏል። ከኋላ በኩል ከሆነ ወይም ዳሌያችሁ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ከፍ ብሏል።

ጀማሪ ሁለት እግሩ መሬት እንዲነካለት መቀመጫውን ያወርደዋል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ስትቆሙ ከመቀመጫው ወደ ፊት መውረድን ተለማመዱ። አንድ ከሰዓት በቂ ነው፤ ጉልበት ግን ከተጎዳ በቀላሉ አይመለስም።

ሌላው ወጥመድ ለስላሳው መቀመጫ ነው። ሱቅ ውስጥ በአውራ ጣት ሲጫኑት ደስ ይላል። ለረጅም መንገድ ግን አልመክረውም። ስንቀመጥ ክብደታችንን የሚሸከሙት ከታች ያሉ ሁለት አጥንቶች ናቸው። መቀመጫው ከልክ በላይ ለስላሳ ሲሆን አጥንቶቹ ይሰምጡና መሃል ያለው ስስ ሥጋ ይጨቆናል። መደንዘዙ የሚመጣው ከዚያ ነው። ይልቅ ስፋቱን ምረጡ። ወፍራም ካርቶን ጠንካራ ደረጃ ላይ አድርጋችሁ ተቀመጡበት፣ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ፣ ከዚያ ተነሡ። ካርቶኑ ላይ ሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች ታገኛላችሁ። ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል ለኩና ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሩበት። የምትፈልጉት የመቀመጫ ስፋት እሱ ነው። በአማካይ የሴቶች አጥንት ሰፋ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ የወንድምሽን ሳይክል ተውሰሽ የምትነጂ ከሆነ ጥፋቱ ያንቺ ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሱሪው። ለአሥርና ለሃያ ደቂቃ መንገድ ማንኛውም የሚለጠጥ ሱሪ ይሆናል። ጂንስ ግን መሃሉ ላይ አራት ስፌት የሚገናኝበት ወፍራም ቋጠሮ አለው፤ የምትቀመጡትም ልክ እሱ ላይ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ የምትነዱ ከሆነ ስፖንጅ የተሰፋበት የሳይክል ቁምጣ ግዙ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውን ልንገራችሁ፦ ከሥሩ ፓንት አይለበስም። ቁምጣው የተሠራው በቀጥታ ቆዳ ላይ እንዲያርፍ ነው። ፓንቱ ስፌቱ ይፈትጋል፣ ላቡንም ይዞ ይቀራል፤ ያወጣችሁት ገንዘብም ከንቱ ይሆናል። ቁምጣው ስለሚጣበቅ የሚያፍር ካለ ከላዩ ሰፊ ቁምጣ ይደርብ። እኔ ቀሚስ እለብስበታለሁ፤ ማንም አያውቅም። እንደደረሳችሁ አውልቁት። እርጥብ ስፖንጅ ላይ ተቀምጦ ሻይ መጠጣት ቁስል መጥራት ነው። በለበሳችሁት ቁጥር ገልብጣችሁ እጠቡት፣ የልብስ ማለስለሻ ግን አትጨምሩበት።

እጅ ላይ ችግሩ ከትንሿ ጣትና ከቀለበት ጣት መደንዘዝ ይጀምራል። በመዳፍ ጠርዝ በኩል የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ መሪው ላይ ተደግፈን ስንቆይ እሱ ይጫናል። መዳፉ ላይ ስስ ስፖንጅ ያለው ጓንት ይረዳል። ከሱ በላይ ግን የሚረዳው ክርንን በትንሹ ማጠፍ፣ አንጓን ቀጥ ማድረግና እጅን ቶሎ ቶሎ ቦታ መቀየር ነው። ክብደታችሁ ሁሉ እጃችሁ ላይ ከወደቀ መቀመጫው ወደ ፊት አዘንብሎ እንደሆነ እዩ፤ ወደ ታች እያንሸራተታችሁ ነው። ጓንት ሌላም ጥቅም አለው። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ነው።

ለእግር ሶሉ ደረቅ ያለ ጫማ ልበሱ። የሩጫ ጫማ ሶሉ ስለሚተጣጠፍ ረጅም መንገድ ላይ መሃል እግርን ያቃጥላል። ከፔዳል ጋር የሚቆለፈው ጫማ ጥሩ ነው፤ ለመላቀቅ ተረከዝን ወደ ውጭ መጠምዘዝ ነው። ግን መኪና የሌለበት ሜዳ ላይ ደጋግማችሁ ሳትለማመዱ መንገድ አትውጡበት። የጫማችሁን ክር ጫማው ውስጥ ክተቱት። ካቴናው በቀኝ በኩል ስለሆነ የቀኝ እግር ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ ወይም በላስቲክ እሰሩት። ስካርፍና ረጅም ቀሚስ ደግሞ የኋላ ጎማ ውስጥ እንዳይገቡ አጥብቃችሁ ሰብስቡ። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ሄልሜት ላይ ክርክር አልወድም። በ2003 እ.ኤ.አ. የካዛክስታኑ ተወዳዳሪ አንድሬ ኪቪሌቭ ፓሪስ–ኒስ ውድድር ላይ ያለ ሄልሜት ወድቆ ሞተ። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ሄልሜትን ለተወዳዳሪዎች ግዴታ አደረገ። እነዚያ ኑሯቸው ሳይክል ላይ የሆነ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ከነሱ በላይ ሚዛን እንጠብቃለን ብዬ አላስብም።

ግን ጭንቅላት ላይ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ወደ ኋላ ተንጋሎ ግንባርን የሚያጋልጥ ሄልሜት በየመንገዱ አያለሁ። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይቅር። የጎን ማሰሪያዎቹ ከጆሮ ሥር ይገናኙ። ከአገጭ በታች ያለው ማሰሪያ አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ ያስገባ። አፋችሁን ስትከፍቱ ሄልሜቱ ወደ ታች ሲስባችሁ ሊሰማችሁ ይገባል። ፀጉር የምታስይዙ እህቶች፣ ከፍ ብሎ የታሰረ ፀጉር ሄልሜቱን ወደ ግንባር ይገፋዋል፤ ማጅራት ላይ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ሲገዛ ውስጡ ያለውን የደኅንነት ደረጃ ምልክት አንብቡ፦ የአውሮፓው ኢኤን 1078 (EN 1078) ወይም የአሜሪካው ሲፒኤስሲ (CPSC) ቢሆን ደህና ነው። አንዴ ከወደቃችሁበት በቃ፣ ይጣል። ውስጡ ያለው ፎም ጭንቅላትን የሚያድነው ራሱ ተጨፍልቆ ነው፤ ከውጭ ደህና ቢመስልም ለሁለተኛ ጊዜ አይሠራም። ያገለገለ ሄልሜት የማልገዛውም ለዚህ ነው፤ ታሪኩን አላውቅም።

መነጽር ይኑራችሁ። ቀን ጥቁር፣ ማታ ነጭ። ትንኝ ዓይናችሁ ውስጥ ከገባ በኋላ ምክንያቱን አትጠይቁኝም።

ስለ ብርድ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ፦ ከቤት ስትወጡ ትንሽ ይብረዳችሁ። ስትወጡ የሞቃችሁ ከሆነ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ላብ በላብ ትሆናላችሁ። ጥጥ ደግሞ ላቡን ይጠጣል እንጂ ቶሎ አይደርቅም፤ ቁልቁለት ላይ ንፋስ ሲመታው አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትነዱ የ20 ኪሎ ሜትር ነፋስ ደረታችሁን ይመታል። ስለዚህ ከሥር ቶሎ የሚደርቅ ፖሊስተር ወይም ስስ ሱፍ፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ ተጣጥፎ ኪስ የሚገባ ጃኬት። ዳገቱን ስትወጡ አውልቁት፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ልበሱት። ድሮ ትልልቆቹ ተወዳዳሪዎች ተራራ አናት ላይ ሲደርሱ ጋዜጣ ተቀብለው ደረታቸው ውስጥ ይከቱ ነበር። ጃኬት ለረሳ ሰው ዛሬም ይሠራል። ለዝናብ ደግሞ ከጃኬቱ በፊት ፓራፋንጎ አስገጥሙ፤ ጀርባችሁን የሚያጨቀየው ከሰማይ የሚመጣው ሳይሆን የገዛ ጎማችሁ የሚረጨው ነው።

መታየት ላይ ሰው ሁለት ነገር ያደባልቃል። ያ የሚጮኸው ቢጫና ብርቱካናማ ለቀን ነው። የፀሐይን የማይታይ ጨረር ተቀብሎ ወደሚታይ ብርሃን ስለሚቀይረው ነው የሚያበራው። ማታ ፀሐይ የለችም፤ ስለዚህ ተራ ቢጫ ጨርቅ ይሆናል። ለማታ የሚያስፈልገው የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብርሃኑን ወደ መጣበት የሚመልሰው ግራጫ አንጸባራቂ ነው። ሁለቱም ያለበት ሰደርያ ካገኛችሁ ጥሩ። አንድ ብቻ ግዙ ካላችሁኝ ግን ለቁርጭምጭሚት የሚታሰር አንጸባራቂ እላችኋለሁ። ጀርባ ላይ ያለው ጸጥ ብሎ ይቆማል፤ ምልክት ይሁን ሰው ላይለይ ይችላል። ቁርጭምጭሚት ግን ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ያንን እንቅስቃሴ ያየ ሹፌር ሳይክል መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ደግሞም የሱሪውን ጫፍ ይሰበስብላችኋል።

መብራት ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ። የመንገድ መብራት ባለበት 100 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው፣ ካርቶኑ ላይ ይጻፋል) አካባቢ ለመታየት ይበቃል፤ ድፍን ጨለማ ውስጥ ጉድጓድ ለማየት ከሆነ 400ና ከዚያ በላይ ፈልጉ። የፊቱን ወደ መሬት አዘንብሉት። ከፊት የሚመጣን ሹፌር ዓይን ማጥፋት ለእናንተም አይበጅም። የኋላውን ደግሞ ጃኬታችሁ ወይም ቦርሳችሁ እንዳይሸፍነው ከመነሣታችሁ በፊት ዞራችሁ እዩት።

ዕቃውን በጀርባ ከመሸከም ሳይክሉ ላይ መጫን ይሻላል፤ ጀርባችሁም አያልብም፣ ትከሻችሁም አይዝልም። ከመቀመጫው ሥር በምትታሰር ትንሽ ቦርሳ ውስጥ አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ጎማ መፈልቀቂያ ሁለት ፕላስቲክ፣ ትንሽ መንፊያና የቡለን መፍቻ ክተቱ። የአየሩ ልክ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ በየሳምንቱ እዩት። ጎማ መቀየሩን ደግሞ እቤታችሁ በረንዳ ላይ አንዴ ሞክሩት፣ ማታ መንገድ ዳር እንዳትማሩት። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት የውጪውን ጎማ ከውስጥ በኩል በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳሱት። የበሳው ስባሪ ብርጭቆ ወይም ሽቦ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ አዲሱንም ይበሳዋል።