ሥራ ለቆ ሜዲካል ስኩል መግባት፦ አሜሪካ ለሚኖሩ ከውሳኔ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ መሐንዲስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም ነርስ አሜሪካ ውስጥ ሐኪም መሆን ይችላል። የሚከስረው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን መጀመሪያ ለቆ፣ መንገዱን ከዚያ በኋላ የሚመረምር ሰው ነው። ስለዚህ ርካሹ ፍተሻ ይቅደም፤ ሥራ መልቀቅ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

1. በሩ ለእርስዎ ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ

ይህ የአንድ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚቀበሉት ዜጎችንና ግሪን ካርድ ያላቸውን ነው። ዲግሪዎ የኢትዮጵያ ከሆነ ደግሞ ማመልከቻዎችን የሚሰበስበው አምካስ የውጭ አገር ውጤት አያጣራም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ቢያንስ 90 ክሬዲት ከአሜሪካ ወይም ከካናዳ ይፈልጋሉ፤ ሙሉ ዲግሪ የሚጠይቁም አሉ። ለሥራ ፍለጋ ያስገመገሙት ዲግሪ እዚህ ብዙ ጊዜ አይበቃም። አምስት ትምህርት ቤት መርጠው ድረ ገጻቸውን ያንብቡ፣ ግልጽ ካልሆነ በኢሜይል ይጠይቁ፣ መልሱንም ያስቀምጡ።

(አገር ቤት በሕክምና የተመረቁ ሰዎች ይህ ጽሑፍ አይመለከታቸውም። የእነሱ መንገድ ውጭ አገር የተማሩ ሐኪሞችን የሚያረጋግጠው የኢሲኤፍኤምጂ ማረጋገጫ፣ ዩኤስኤምኤልኢ የሚባሉት የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናዎችና ሬዚደንሲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ በሆስፒታል የሚደረገው ሥልጠና ነው።)

2. ሥራውን ከቅርብ ይዩ

ቢያንስ ከ40 እስከ 50 ሰዓት፣ ቢቻል በሦስት የተለያዩ የሕክምና ዘርፎች፣ ሐኪም ተከትለው ይመልከቱ። መጀመሪያ የራስዎን ሐኪም ይጠይቁ፤ ቀጥሎ በሚኖሩበት ከተማ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችን። ዓይንዎ በሽተኛው ላይ ብቻ አይቅር። ሐኪሙ ስንት ሰዓት ኮምፒውተር ላይ እንደሚጽፍ፣ ስንት ጊዜ ከመድን ድርጅት ጋር እንደሚከራከር ይመዝግቡ፤ የሥራው ግማሽ መልክ እሱ ነው።

አማርኛ አጥርቶ መናገር እዚህ ላይ እውነተኛ ጥቅም አለው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲያትልና በሚኒያፖሊስ ያሉ ሆስፒታሎች የአማርኛ አስተርጓሚ ያስፈልጋቸዋል። የ40 ሰዓት የሕክምና አስተርጓሚነት ሥልጠና ወስደው ቅዳሜና እሑድ ቢሠሩ ከበሽተኛው አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ገንዘብም ያገኛሉ፣ ለማመልከቻውም ይቆጠርልዎታል።

ከዚያ ራስዎን ይጠይቁ፦ የሳበኝን ሥራ ሐኪም ብቻ ነው የሚሠራው? ፊዚሺያን አሲስታንት (ከሐኪም ጋር ሆኖ በሽተኛ የሚመረምርና የሚያክም ባለሙያ) የሚሠራው ከሆነ ትምህርቱ ወደ 27 ወር ገደማ ነው፣ ሬዚደንሲም ግዴታ አይደለም። «ዶክተር» መባል በቤተሰባችን ውስጥ ያለውን ክብር ማንም አይክደውም፤ ግን ሌሊቱን ለሁለት ሰዓት ብቻ ተኝቶ የሚነሣው ምኞቱ የእናት የአባት የሆነው ሰው ሳይሆን እርስዎ ነዎት።

3. አንድ ከባድ ኮርስ ሥራዎ ላይ ሆነው ይውሰዱ

ከሁሉም የበለጠ የሚናገረው ፍተሻ ይህ ነው። ትምህርት ቤቶች በአጠቃላይ የሚጠይቁት ባዮሎጂ፣ ጄነራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ዓመት ከላብ ጋር፣ ከዚያም ባዮኬሚስትሪ ነው። በጄነራል ኬሚስትሪ አንድ ይጀምሩ። ቀጣዩ ክፍሉ፣ ኦርጋኒኩና ባዮኬሚስትሪው በሰንሰለት ስለሚከተሉት፣ እሱ የዘገየ እንደሆነ ሁሉም ይዘገያል። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የማታ ክፍል ርካሽ ነው፤ የመረጧቸው ትምህርት ቤቶች የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውጤት እንደሚቀበሉ ግን አስቀድመው ይወቁ።

ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ከላብና ከጥናት ጋር በሳምንት ከ12 እስከ 15 ሰዓት ይበላል። ኤ ካመጡ ይቀጥሉ። ቢ ከሆነ የጥናት ሰዓትዎን ያስተካክሉ። ሲ ከሆነ ሁለተኛ ኮርስ አይደርቡ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከሙሉ ቀን ሥራና ከኦቨርታይም ጋር ሁለት ሳይንስ ሲደራርብ ነው፤ አምካስ ኮርሱ ቢደገምም የድሮውን ውጤት አይሰርዝም፣ ሁለቱንም ይቆጥራል።

የድሮው ጂፒኤም እንዲሁ ይከተላል። በ120 ክሬዲት 3.0 ያለው ሰው 3.3 ለመድረስ 52 ክሬዲት በሙሉ ኤ ማምጣት አለበት። የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ ጂፒኤ ወደ 3.8፣ የኤምካት (የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ውጤታቸው ደግሞ ከ528ቱ ወደ 512 ይጠጋል። ስሌቱን በወረቀት ይሥሩት፤ በግምት አይለፉት።

4. ገንዘቡን በዓመት ዓመት ይጻፉ

በ34 ዓመቱ የሚጀምር ሰው ለቅድመ ኮርሶች 2 ዓመት፣ ለማመልከቻ 1፣ ለትምህርቱ 4፣ ለውስጥ ደዌ ወይም ለቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንሲ 3 ዓመት ቢያስብ 44 ይሞላዋል። ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ከመረጠ ሬዚደንሲው 5 ነው።

በዓመት 80 ሺህ ዶላር የሚያገኝ ከሆነ በአራቱ ዓመት ብቻ 320 ሺህ ደመወዝ ይቀርበታል። ብድሩም ተለውጧል፦ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የተባለው የፌዴራል ብድር ተዘግቷል፣ የፌዴራል ብድር ለሕክምና ተማሪ በዓመት ከ50 ሺህ፣ በጠቅላላ ከ200 ሺህ ዶላር አይበልጥም። የትምህርቱና የኑሮው ወጪ 80 ሺህ በሆነበት ትምህርት ቤት በየዓመቱ 30 ሺህ ይጎድላል። ያን የሚሞላው የግል ብድር ጥሩ ክሬዲት፣ ብዙ ጊዜም ዋስ ይጠይቃል። ዋስ የሚሆንዎትን ሰው አሁኑኑ በስም ያስቡ።

በሠንጠረዡ ላይ ወደ አገር ቤት የሚልኩትን ገንዘብና ያልጨረሱትን ዕቁብ አይርሱ። ዜጋ ከሆኑ የናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር ስኮላርሺፕን ይመልከቱ፤ ክፍያውን ይሸፍናል፣ በምላሹ ሐኪም በሚጎድልበት አካባቢ ያገለግላሉ።

5. ከትዳር ጓደኛዎ ጋር በሰዓት ይነጋገሩ

«ትደግፈኛለህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ልጆቹን ማን ከትምህርት ቤት ያመጣል? በሬዚደንሲ ሳምንቱ እስከ 80 ሰዓት ሲደርስ ሌሊቱን ማን ቤት ያድራል?

6. ያመልክቱ፣ ሥራዎን ግን አይልቀቁ

ለኤምካት ቢያንስ 300 ሰዓት ይመድቡ፤ በሳምንት 15 ሰዓት ከሆነ 20 ሳምንት ነው። ፈተናውን በሚያመለክቱበት ዓመት ጸደይ ላይ ይጨርሱ፣ ማመልከቻውን ጁን መግቢያ ላይ ያስገቡ። ትምህርት ቤቶች ማመልከቻዎችን በደረሱበት ቅደም ተከተል እያዩ መቀመጫ ስለሚሞሉ የዘገየ ይጎዳል። ትምህርቱ የሚጀምረው ከዓመት በኋላ በጁላይ ወይም በኦገስት ስለሆነ፣ መካከሉን ሁሉ ደመወዝዎ ይቀጥላል።

የመልቀቂያ ደብዳቤ የሚጻፈው ቅበላው ተረጋግጦ የብድሩ ወረቀት ከተጠናቀቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቀጣሪዎ ለጡረታ የሚጨምርልዎት ገንዘብ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ የሚሆንበትን ቀን ይጠይቁ። የጤና መድንዎ የሚያበቃው በመጨረሻው የሥራ ቀን ነው ወይስ በወሩ መጨረሻ? በወሩ መጨረሻ ከሆነ፣ ወሩ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይልቀቁ።